ጽዋ ያለበት ቤት

አጎቴ ደምሌ ከተቀበረ በኋላም የሱቁ በር አልተዘጋም። መዝጋት ጠልቼ አይደለም። በኛ ዘንድ፣ በታች ጋይንት፣ የማኅበር ጽዋ የገባበት ቤት አይቆለፍም። ጽዋው ወደሚቀጥለው ሰው ቤት እስኪሸኝ ድረስ፣ ጎሕ ከቀደደ እስኪመሽ ደጁ ለመጣው ሁሉ ክፍት ነው። አጎቴ የሩፋኤልን ጽዋ ሐምሌ ሦስት ቀን ተቀብሎ ነበር፤ ደግሶ ሳያበላ፣ ወሩም ሳያልቅ ሞተ። ጽዋው፣ ያ አፉ ጠባብ ጥቁር ሸክላ፣ በነጠላ እንደተጠቀለለ ከሱቁ ኋላ ባለው ክፍል ከመልአኩ ሥዕል ሥር ቀረ። እኔም አብሬው ቀረሁ።

ቻላቸው እባላለሁ። ደምሌ የእናቴ ወንድም ነው። ወላጆቼን በአንድ ክረምት በሽታ ሲወስዳቸው እሱ ወስዶ አሳደገኝ፤ ደብረ ታቦር ሰዶም ሁለተኛ ደረጃ አስተማረኝ። በዚያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ጎንደር ሥራ አግኝቼ ነበር፤ የአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ጠባቂ ልሆን። ከመስቀል በፊት ካልደረስኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ክፍሉን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከፍ ያለች አንዲት መስኮት፣ ከመስኮቷ የሚወርድ ብርሃን፣ ብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፍ ብናኝ፤ ከዚያ ወዲያ ዝምታ። «እንዴት አደርክ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ አማትህስ ተሻላት» የሚል ሰው የሌለበት ቤት። ገነት ሲባል እኔ የሚታየኝ ያ ክፍል ነበር።

ስለዚህ የሚቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአጎቴን ድግስ ደግሼ፣ ጽዋውን ለሌላ ሰው አስረክቤ፣ በሩን ቆልፌ መሄድ።

አጎቴ የኔ ተቃራኒ ነበር። አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማችን የመጣው ከስማዳ፣ ከወገዳ ነው ይላሉ። ጨው በአህያ ጭኖ ሲመላለስ አንድ አርብ ዝናብ ያዘውና እዚህ አደረ፤ በማግስቱ «እዚህስ ሰው ብዙ ነው» ብሎ ቀረ። ሌላው ሰው አገር ሲመርጥ ውኃውን፣ ግጦሹን ያያል። እሱ ሰዉን አይቶ ሰፈረ። የከፈታት ሱቅ ጠባብ ናት። ጨው፣ ላምባ፣ ክብሪት፣ መርፌ፣ አቡጀዲ፣ ሳሙና፣ ግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል። ከፊት ለፊቷ ግን ከሱቋ የሚረዝም የድንጋይ መደብ አስገነባ። «ደምሌ፣ ዕቃህ ከውስጥ ነው ከውጭ?» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

«ከውስጥ ያለውማ ጨው ነው» ይላል። «ዕቃዬ መደቡ ላይ ተቀምጧል።»

እውነቱን ነበር። አርብ አርብ ገበያተኛው ገና ከዳገቱ ብቅ ሲል በስሙ ይጠራዋል። የሰዉን ብቻ ሳይሆን የአህያውንም ስም ያውቃል። «ዳማይቱ ጀርባዋ ሻረላት?» ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። ለቅሶ ሲሰማ ገበያው የደራበት ሰዓት ቢሆንም ሚዛኑን ከበሩ ጉበን ላይ ይሰቅልና ይሄዳል። የተሰቀለ ሚዛን ያየ ሰው «ማን ሞተ?» ይላል እንጂ «ደምሌ የት ሄደ?» አይልም። መንገድ ላይ የወደቀ እንግዳ ሬሳ ከሆነ ደግሞ አቡጀዲውን ራሱ ቀድዶ ይገንዘዋል፤ ስሙ ለማይታወቀውም ቁሞ ያስፈታዋል። ከደጅ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ አፉ ጉርሻ ቢይዝም፣ «ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ!» ለማለት የሚቀድመው አልነበረም።

የሩፋኤልን ማኅበር ያቆመውም እሱ ነው፤ ከመምሬ ገብረ መድኅን ጋር። መምሬ የማኅበሩ የንስሐ አባት ናቸው። አጎቴ መጀመሪያ ያስገባው የታረቀ ሰው አልነበረም፤ የተጣላ ነበር እንጂ። አያ አያሌው የሚባል ቀልደኛ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተካሶ፣ ዱላ ተማዞ፣ ሽማግሌ አሰልችቶ ነበር። አጎቴ ሁለቱንም በየፊናቸው ጠርቶ አንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸውና ጽዋውን መሀላቸው አኖረው። «እንግዲህ የሚጠማው ቀድሞ ይናገር» አለ። ፀሐይ እስኪዘቀዝቅ ተፋጠው ዋሉ። አያ አያሌው ሲያወራው፣ «እኔን ያስታረቀኝ መልአኩ አይደለም፤ ደምሌ ያበላን ንፍሮ ጨው በዝቶበት ነበር» ይላል።

በኛ ማኅበር ተራ የለም። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ መምሬ ጽዋውን አንሥተው «የሚቀጥለውን ማን ይቀበል?» ይላሉ፤ ፈቃዱ የሆነ ይቀበላል። ከመከር በኋላ ሰው ይሻማል። ክረምት ሲመጣ፣ ጎተራው ሲራቆት ግን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ያን ጊዜ ዝምታው ሰውን ማሳፈር ከመጀመሩ በፊት፣ አጎቴ እጁን ዘርግቶ፣ ጎርነን ባለች ድምፁ፣ «ወዲህ በሉት» ይላል። ሌላ ቃል አይጨምርም። የክረምት ጽዋ ሁሉ የእሱ ነበር። የመጨረሻውንም እንዲሁ ነው የተቀበለው።

ከዚያ ከወንዝ ማዶ ለዕርቅ ሄዶ ሲመለስ ዝናብ ደበደበው። ሳል ያዘውና ተኛ። የሞተ ዕለት ዓይኑን ገልጦ፣ «መደቡ ላይ ማን አለ?» አለኝ።

«ማንም የለም ጋሼ። ይዘንባል።»

«ይመጣሉ» አለ። «ደጁን ክፈተው።»

ከፈትኩት። ጉም ገባ። ዞር ብዬ ሳየው አልፏል።

ከቀብሩ በኋላ የነሐሴው ማኅበር በኀዘኑ ምክንያት ለጳጉሜን ሦስት ተሻገረ። እስከዚያ ድረስ እኔ ሱቁን ከፍቼ፣ ከኋለኛው ክፍል ከጽዋው ጎን ተቀምጬ መጽሐፍ አነባለሁ። የነሐሴ ጉም በአገራችን እንደ ሰው በበር ይገባል፤ ጠዋት ገብቶ ከተቀመጠ ቀትር ሆኖም አይወጣም።

አንድ ቀን እንዲህ እያነበብኩ የሳል ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ የማላውቀው ሽማግሌ ገበሬ ከሱቁ ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጋቢውን ይጨምቃል።

«ደህና ዋሉ አባቴ። መቼ መጡ? አልሰማሁም።»

«ምን ማለትህ ነው? ቤቶች ብል ግቡ ግቡ አልኸኝ፤ ገባሁ። ተቀመጡ፣ ዳገቱ አድክሞዎታል አልኸኝ፤ ተቀመጥሁ።» ሳቀ። «አንተም እንደኔ ጆሮህ ከዳህ እንዴ፣ በዚህ ዕድሜህ?»

ሽማግሌው ተሳስቷል ብዬ ተውኩት። ከጎረቤት የሰማው ይሆናል። በጉም ውስጥ ድምፅ መንገድ ይስታል።

ጥቂት ቆይቶ አያ አያሌው መጣ። እኔ ከጓሮ እንጨት እየለቀምኩ ነበር። በአጥሩ በኩል ሳቁን እየሳቀ ሲሄድ አየሁትና ጠራሁት። ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬ ገና ሰው ሆንክ!» አለኝ።

«ምን አደረግሁ አያ?»

«‹ቻላቸው አለህ ወይ?› ብል ‹እኔስ አለሁ፤ ያንቱ አህያ ነው እንጂ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሄደው ተዝካሩ እስኪወጣለት ነው› አትለኝም? ደምሌ በሞተ ማን ይሰድበኝ ይሆን ብዬ ከፍቶኝ ነበር እኮ!»

«እኔ ጓሮ ነበርኩ።»

«ጓሮ ሆነህ ነዋ የመለስክልኝ» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

ለመጨረሻ ጊዜ በሰው የቀለድኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ምናልባትም ቀልጄ አላውቅም።

የዚያን ዕለት እትዬ ውብነሽን ጠየቅኳቸው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ለድግሱ ጠላ የሚጠምቁልኝ። ጋኑን በወይራ እያጠኑ ነበር።

«እትዬ፣ የኔ ድምፅ ምን ይመስላል?»

ቀና ብለው አዩኝ። «የደምሌን ነዋ። ሥጋው አይደለህ? ዱሮ አላስተዋልኩትም ነበር።» ወይራውን አገላበጡ። «መቼ ተናግረህ ያውቃል ልጄ፣ የምናስተውልህ።»

ራሴን ልፈትን ፈለግኩ። አርብ ሲሆን አንዲት የክብሪት እንጨት በጥርሴ ነክሼ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆምኩ። ሰው ጨው ሲል ጨው እመዝናለሁ፣ ላምባ ሲል ላምባ እቀዳለሁ፤ ከንፈሬን አላላቅቅም። ጉሙ መደቡን ሸፍኖታል፤ የተቀመጡትን ሰዎች እግር እንጂ ፊት አላይም። እዚያ ጉም ውስጥ ግን ጨዋታ ደርቷል። አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ «እግዜር ይስጥህ፣ ያጽናናኸኝ አንተ ነህ» ትላለች። መልሱን ለመስማት ጆሮዬን ስቀስር ሚዛኑ ይንቃጨላል፣ አህያ ያናፋል፤ መልሱ ሁልጊዜ ከድምፅ ኋላ ይሄዳል። ገበያው ሲፈታ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ በሩ እየመጡ ተሰናበቱኝ። «በል ደህና እደር ቻላቸው፤ ጨዋታህ ለመንገድ ስንቅ ነው» አለኝ ወርቁ የተባለው ሸማኔ።

እንጨቷን ከጥርሴ አወጣኋት። ደርቃ ነበር የነከስኳት፤ ረጥባለች። ከዚህ በቀር ንክች አላለችም።

መሄድ አለብኝ አልኩ ለራሴ። ጳጉሜን ሦስትን ብቻ ልለፍ።

ጳጉሜን ሦስት ሰማይ ይከፈታል ይባላል። የዚያን ዕለት የዘነበ ዝናብ ጠበል ነው፤ ልጅ አዋቂው ልብሱን አውልቆ ይጠመቅበታል። ከጠዋት ጀምሮ ያለ ነፋስ፣ ያለ መብረቅ፣ ቀጥ ብሎ ወረደ። ማኅበርተኛው ፀጉሩ እንደረጠበ መጣ። መምሬ ገብረ መድኅን ከሥዕሉ ሥር ተቀመጡ። ከበሩ አጠገብ፣ እንደ ልማዱ፣ የእንግዳ ቦታ ባዶ ተተወ፤ ዳቦውና ሽክናው ተቀምጦለት። በድንገት ለመጣ መንገደኛ ነው ያ ቦታ። መልአክም ሊሆን ይችላል ይባላል፤ አይታወቅም።

ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። ከዚያ የአጎቴ ነገር ተነሣ። አንዱ ሚዛኑን ሰቅሎ የሮጠበትን ለቅሶ አወራ። ሌላው ልጁን እንዴት እንደዳረለት ተናገረ። እትዬ ውብነሽ፣ «እኔን ባሌ የሞተ ጊዜ አንድም ቀን ‹አይዞሽ› ብሎኝ አያውቅም» አሉ። «ብቻ በየጠዋቱ ‹ውብነሽ፣ ክብሪት አለቀብኝ፣ እሳት አበድሪኝ› እያለ ይመጣል። ክብሪት የሚሸጥ ሰው! ተነሥቼ እሳት እንዳነድ ነበር።» ሰው ሳቀ። እኔ ያሳደገኝን ሰው ከሰው አፍ እየሰማሁ ነበር። አብሬው ስኖር መጽሐፌን እመለከት ነበር፤ እሱ ደግሞ በሩን።

በመጨረሻ መምሬ ተነሡ። ጽዋውን ከነነጠላው አነሡት።

«ልጃችን ያባቱን ስእለት ፈጽሟል፤ እግዚአብሔር ዝክሩን ይቀበልለት። እንግዲህ የመስከረምን ማን ይቀበል?»

ዝምታ። ገብሱ ገና እሸት ነው፤ ጎተራው ባዶ ነው። አያ አያሌው ጣሪያውን ያያል። ወርቁ ጣቶቹን ያፍተለትላል። እኔ በልቤ «አንዳችሁ፣ እባካችሁ አንዳችሁ» እላለሁ። የዝናቡ ድምፅ ቤቱን ሞላው። ዝምታው ማሳፈር ሲጀምር ተሰማኝ።

«ወዲህ በሉት።»

ጎርነን ያለች ድምፅ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሁሉም ዞሮ አየ። ወደ በሩ አይደለም፤ ወደ ሥዕሉም አይደለም። ወደኔ ነው ያዩት። እጄም ተዘርግታለች። መቼ እንደዘረጋኋት አላውቅም።

«እኔ አላልኩም» አልኩ። ይህኛው ድምፅ ቀጭን ነበር፤ የማውቀው፣ የኔው።

«አልክ እንጂ ልጄ» አሉ መምሬ። መባረክ ጀምረው ነበር፤ መስቀሉ ጽዋው ላይ ነው። «በጆሮዬ ሰማሁህ። የተባረከ ጽዋ ደግሞ አይመለስም።»

እልልታው ቀለጠ። አያ አያሌው ትከሻዬን መታ አደረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ደምሌን አፈር አልበላውም» አለኝ። ሊያስደስተኝ ብሎ ነው።

መስከረም ሦስት የመጨረሻ ዕድሌ ነበረ። በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄዱ የጨው ነጋዴዎች አሉ፤ ከነሱ ጋር ካልወጣሁ ወንዙን ብቻዬን አልሻገረውም፣ ከመስቀል በፊትም ጎንደር አልደርስም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ለመምሬ ነገርኳቸው። የሆነውን ሁሉ ሳልነግራቸው፣ ብቻ ድምፁ የኔ እንዳልነበረ።

መምሬ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። «ልጄ፣ ማን እንደተናገረ አላውቅም። ሥርዓቱን ግን ልንገርህ። ቤት ውስጥ የሌለ ሰው ጽዋ አይቀበልም። በሌለበት ተቀበለ ቢሉም አይያዝበትም።»

ይህን ነበር የምፈልገው። አያ አያሌውንም ለመንኩት። «ገብሴ ብቅ እያለች ነው» አለ። «ዝም ካሉ እኔ እለዋለሁ። አንተ ግን መሄድህ ነው? መደቡን ለማን ትተህ?»

ዕለቱ ደረሰ። መጽሐፎቼንና ልብሴን በአቡጀዲ ቋጥሬ ከጠዋቱ ከውጭ ከአጥሩ ላይ ሰቀልኩ። ማኅበርተኛው በላ፣ ጠጣ፣ ተጫወተ። አደይ ፈንድቶ ሜዳው ቢጫ ነው ይሉ ነበር፤ እኔ ያየሁት ጉም ብቻ ነው፤ ክረምቱ አልወጣ ብሎ ነበር። መምሬ ለጸሎት ሲነሡ እኔም ተነሣሁ። ሰው ከፊቴ እንዳለ ተጠንቅቄ፣ የእንግዳውን ቦታ ተራምጄ፣ በሩን አልፌ ወጣሁ።

ከአጥሩ ሥር ቆምኩ። ቤቱ ከጥቂት እርምጃ ላይ ነው፤ ጉሙ ግን ውጦታል። ድምፁ ብቻ ይመጣል። «አቡነ ዘበሰማያት» ሲያልቅ ሰማሁ። ከዚያ የመምሬ ድምፅ፦

«የጥቅምትን ማን ይቀበል?»

ዝምታ። አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከንፈሬ መዳፌ ሥር ተጣብቋል፤ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። አያ አያሌው ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሰማሁ። «እንግዲህ እኔ...» ብሎ ጀመረ።

«ወዲህ በሉት።»

የአጎቴ ድምፅ አልነበረም። ይህን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ጎርናናነት አልነበረውም። ቀጭን፣ ትንሽ የሚያፍር፣ በመጨረሻው ፊደል ላይ የሚሰበር። የኔ ድምፅ ነበር። ከውስጥ፣ ከተነሣሁበት ቦታ።

እልልታ። ሳቅ። እትዬ ውብነሽ፣ «እሰይ የኔ ልጅ!» ሲሉ። አያ አያሌው፣ «ቀደምከኝ አንተ ሌባ!» ሲል። ያ ድምፅ አንድ ነገር መለሰለት፤ ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ቤቱ ግን በሳቅ ተናጋ።

ቋጠሮዬን ከአጥሩ አወረድኩ። ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ ቤት ውስጥ አልነበርኩም፣ አልያዝም። መንገዱ ከእግሬ ሥር ይጀምራል። ዝቅ ብሎ ከነጋዴዎቹ ማደሪያ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ደብረ ታቦር፣ ጎንደር፣ ያቺ መስኮት፣ ያ ብናኝ። ጥቂት ተራመድኩ። ከዚያ አንድ ነገር ገባኝና ቆምኩ። ብሄድ የሚያጣኝ ሰው የለም። ማንም «ቻላቸው የት ሄደ?» አይልም። ቻላቸው እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እየሳቀ ነው። ነገ ሱቁን ይከፍታል፣ የአህያ ስም ይጠራል፣ ለቅሶ ሲሰማ ሚዛኑን ይሰቅላል። ያኛው ከኔ የተሻለ ቻላቸው ነው። ታዲያ ጎንደር የሚሄደው ማን ነው? ማን ይሆን ያን ክፍል የሚጠብቀው?

ዞርኩ። ከበሩ ፊት ለፊት ደርሼ፣ ባደግኩበት ቤት ደጅ፣ እንደ መንገደኛ ተጣራሁ።

«ቤቶች!»

የውስጡ ጫጫታ ቀጥ አለ። ከዚያ፣ ሳይዘገይ፣ ደስ ብሎት፣

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ!»

እኔ ነኝ የጠራሁት። የመለሰውም እኔ ነኝ። ግን በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ማንንም ግባ ብዬ አላውቅም። ፈራሁ፤ ቀናሁም። ድምፁ የኔ ከሆነ፣ ያለኔ እንደዚያ ደስ ሊለው አይገባም ነበር።

ገባሁ። ብርሃኑ ትንሽ ነው፤ ፊቶቹ ወደኔ ዞሩ። የቦታዬ ትራስ ባዶ ነበር። ጽዋው ከትራሱ ፊት ተቀምጧል፤ ነጠላው ገና አልተጠቀለለም። አያ አያሌው አፉን ከፍቶ ባዶውን ቦታ አየ፣ እኔን አየ፣ በእጄ ያለውን ቋጠሮ አየ።

«አንተ...» አለ። «አሁን ከጎኔ አልነበርክም? በየት በኩል ወጣህ?»

መምሬ ገብረ መድኅን መስቀላቸውን አነሡ፤ ባረኩኝ ይሁን አማተቡብኝ አላውቅም። እትዬ ውብነሽ ግን ቋጠሮዬን ከእጄ ተቀብለው ከጋኑ ኋላ አኖሩት። «ረጥበሃል» አሉኝ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። ትራሱ ሙቅ ነበር።

ጎንደር አልሄድኩም። ቦታው ለሌላ ተሰጠ፤ ጥሩ ልጅ ነው ይሉኛል፣ ዝምተኛ። እኔ እዚሁ አርብ ገበያ ነኝ። የጥቅምትን ደገስኩ፤ ጎተራ ሲሞላ አያ አያሌው ተቀበለኝ፤ ክረምት ሲመጣ ጽዋው ተመልሶ መጣ። ማን «ወዲህ በሉት» እንዳለ ጠይቄ አላውቅም፤ እጄን ግን ዘርግቼ እቀበላለሁ። ማምሻ ላይ አሁንም አነባለሁ። በሩ ስላልተቆለፈ ጉሙ ገጾቹን ያረጥባቸዋል።

ዛሬ አርብ ነው። ይህን የምጽፈው ባንኮኒው ላይ ነው። መደቡ ላይ ሰው ሞልቷል፤ እግራቸው ይታየኛል፣ ጨዋታቸው ይሰማኛል። ከጠዋት ጀምሮ ከዳገቱ በኩል የሚመጣውን እግር እያዳመጥኩ ነው። አንድ ሰው ጉሙን እየቀዘፈ ወደ ደጁ ሲቀርብ፣ ገና «ቤቶች» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ያ ድምፅ «ግቡ» ከማለቱ በፊት ልል ብዕሬን ጥዬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ።

አንዳንድ ቀን እቀድመዋለሁ።